ሳጥኑ አይሄድም

ቁልቁለቱ አልቆ ባሕሩ ከዛፎቹ መሃል ብልጭ ማለት ሲጀምር የኋላው ተሸካሚ በድንገት ቆመ። ሳጥኑ የተንጠለጠለበት ቀርከሃ ወደ ኋላ ተጎተተና ከፊት በትከሻው የያዘው ዶሚንጉስ በጀርባው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ሊሳደብ ዞር ሲል ሰውየው ሳጥኑን ቀስ አድርጎ መሬት አስነክቶታል። እጁን በወገቡ ጨርቅ ጠረገ፣ ዶሚንጉስን እንደ ሬሳ ተመለከተው፣ ከዚያም ወደመጡበት ተራራ ሽቅብ ፈረጠጠ። ሳጥኑ ላይ ያሰረውን የራሱን ትምባሆ እንኳ አልፈታም።

«ምን ነካው?» አለ ዶክተር ኡልዳል ከፊት ሆኖ።

ዶሚንጉስ ሰውየው ያየውን አይቶ ክው ብሏል። አሁን ካለፉት ግንድ ላይ ለጋ የኮኮናት ቅጠል ተሰንጥቆና ተቋጥሮ ተሰቅሏል። ከተራራው ስለወረዱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር፤ ከኋላ ሲታይ ነፋስ ያመጣው ቅጠል ነው የሚመስለው። አልፈውት ሲዞሩ ግን ፊቱ ታያቸው። ሳሲ ነው። ጫካው ታግዷል። መንደሩ ራሱ እስኪከፍተው ድረስ ከዚህ ክልል ፍሬ አይለቀምም፣ ቅርንጫፍ አይሰበርም፣ የወደቀ ቅጠልም አይነሳም።

እነሱ ደግሞ ከክልሉ እምብርት ቆርጠው ወስደዋል፣ ያውም ገና አሁን። ዶክተሩ በአንድ ትልቅ የካናሪ ዛፍ ብብት ውስጥ ነጭ አበባ አይቶ እንደ ልጅ ጨፈረ፤ ዶሚንጉስ ወጣ፣ ቆረጠ፣ ወረደ። አበባዋ በወረቀት መሃል ተጋድማ፣ በሁለት ሰሌዳ ተጠፍራ ወደ ሳጥኑ ገባች። ሳጥኑ ውስጥ የአስራ አራት ወር ልፋት አለ፤ ስምንት መቶ የሚሆን ዕፅ በቻይና ወረቀት ተሸፍኖ ተደርድሯል። ካንዱ ወረቀት ውስጥ ደግሞ ያኮብ በሞተበት ቀን በእጁ የነበረው ቀይ አበባ አለ። ያኮብ የዶሚንጉስ ታናሽ ወንድም ነበር።

«ተይዘናል ጌታዬ» አለ ዶሚንጉስ።

ዶክተሩ ዙሪያውን ቃኘ፤ ከወፍ በቀር የሚታይ የለም። ሳቀ። ከዴንማርክ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ የጫማው የብር ዘለበት ከጠፋ ቆይቷል፣ በምትኩ የሐረግ ገመድ አስሮበታል። በእጁ ምንም አይዝም፤ ከአንገቱ የምትንጠለጠል የነሐስ ማጉያ መነጽር ብቻ አለችው። በሴራም ደሴት ዳርቻ ሰው ሁሉ «ጌታ ቅጠሉ» ነው የሚለው፤ እሱም ስሙን አውቆ ይኮራበታል። የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ ከአምቦን ወደ ባታቪያ መርከብ ይነሳል፤ እሱ ካለፈ ነፋሱ ዞሮ እስኪመለስ እስከ ከርሞ ሌላ የለም።

ዛጎል ሲነፋ ተሰማ። ከሥር በኩል አምስት ሰዎች ወጡ፤ ከፊት የሚመጣው የጫካው ጠባቂ ሽማግሌው ታማኤላ ነው። ራቁቱን ነው ከወገቡ በላይ፤ ራሱ ላይ ግን ቀይ ጨርቅ ጠምጥሟል፣ የሹመቱ ምልክት ነው። ሳጥኑን አየ፣ ዶክተሩን አየ፣ ዶሚንጉስ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የዋይሩ ነኝ አባባ። የፔትሮኔላ ልጅ።»

ሽማግሌው ዱላውን ጥሎ አቀፈው። ሌሎቹም ተራ በተራ አቀፉት። የዶሚንጉስ መንደር ዋይሩና ይህ መንደር፣ ሃቱሬሲ፣ በመሐላ የተሳሰሩ ፔላ ናቸው። በአንድ የጥንት ጦርነት ቅድመ አያቶቻቸው ደማቸውን ከዘንባባ አረቄ ቀላቅለው በአንድ ጽዋ ጠጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ፔላ ከፔላ አይጋባም፣ ፔላም ፔላውን አይከለክልም። ዶሚንጉስ እዚህ ከማንም ጓሮ ገብቶ ኮኮናት አውርዶ ቢጠጣ ሌባ አይባልም፤ ባለቤቱ እንዲያውም ለምን አንድ ብቻ ብሎ ይቆጣዋል። ይህ ሁሉ የተባለው በመንደሩ ቋንቋ ስለነበረ ዶክተሩ አንድም አልገባውም። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው ብሎ ብቻ ፈገግ አለ።

ሳጥኑን ተሸክመው ወደ ሸንጎው ቤት ወሰዱት። የሸንጎው ቤት ጣራና ወለል እንጂ ግድግዳ የለውም፤ እዚያ የሚባለውን ቀደምቶች ከየትም ሆነው እንዲሰሙ ነው ይባላል። ታማኤላ ሳጥኑን መሃል ላይ አስቀምጦ ለጋ ቅጠል ሰነጠቀና ክዳኑ ላይ ቋጠረ። ጠባቂ አላቆመም፤ ያቺ ቅጠል በቂ ነች።

ዶክተሩ ከደረቱ የገዢውን ደብዳቤ አወጣ። በ1774 በአምቦን ምሽግ የተጻፈ፣ ቀይ ማኅተም ያለበት፣ «ይህን የሚያሳያችሁን ሰው ሁላችሁም እርዱት» የሚል ደብዳቤ ነው። የመንደሩ ሹም ጥቁር ካባውን ደርቦ መጣ፣ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ግንባሩን አስነካው፣ አናቱ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየና በክብር መለሰለት። ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ዶክተሩ ምልክታችሁ የሚያየው ወደ ባሕር ነው፣ እኛ ከተራራ ነው የመጣን፣ እንዴት ብለን እንየው ብሎ ተከራከረ። ዶሚንጉስ አስተረጎመ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ታማኤላ አገጩን አከከ።

«እውነቱን ነው» አለ። «ድሮ ከተራራ በኩል የሚመጣ የሰው ራስ ቆራጭ ብቻ ነበር። ለራስ ቆራጭ ደግሞ ምልክት አንሰቅልም።» ሁሉም ሳቁ። «ስለዚህ ጥፋቱ የኛ ነው፣ እናንተ ሌባ አይደላችሁም። አበባው ግን የዛፉ ነው። ካበባው ጋር በአንድ ክዳን የዋለም የዛፉ ነው። ጫካው እስኪከፈት አርባ ቀን እንደተዘጋ ይቀመጣል፣ ከዚያ ዛፉ ሥር ይደፋል። ጌታው ግን ነፃ ናቸው፣ ነገ ከፈለጉ ጀልባ አለ። ሳጥኑ አይሄድም።»

ዶክተሩ አልሄደም። ዝናቡ ወረደ፤ በሰኔ የሚጥለው፣ ቀንና ሌሊት የማያባራው ዝናብ። ማንም አልያዘውም፣ ማንም ሂድ አላለውም፣ በአራቱም አቅጣጫ መንገዱ ክፍት ነበር። እሱ ግን በዚያ ክፍት ቤት ውስጥ በሳጥኑ ዙሪያ ይዞራል። አረንጓዴ ነገር በወረቀት ሲደርቅ ወረቀቱ በየቀኑ ይቀየራል፤ እርጥቡ ወጥቶ እሳት ላይ ይሞቃል፣ ደረቁ ይገባል። ይህን ሥራ አስራ አራት ወር አንድም ቀን አላስታጎሉም፤ ወባ ሲያንቀጠቅጣቸው እንኳ አንዱ ተኝቶ ሌላው ይቀይር ነበር። አሁን አንድ ቀን አለፈ። ሁለተኛው ሲመሽ ዶክተሩ አፍንጫውን ከክዳኑ ስንጥቅ ለጥፎ ቆየና ፊቱ አመድ መስሎ ቀና አለ።

«ጀምሯል» አለ። «ሽታው ይሰማኛል።»

ለዶሚንጉስም ተሰምቶታል። የሻጋታ ሽታ ነው፤ ሳጥኑን ሲሸከም የኖረ ሰው ከሩቅ ያውቀዋል። ያኮብን አሰበ፤ ያ ቀይ አበባ ባለፈው ሳምንት ሲያየው ገና ቀይ ነበር።

ዶክተሩ ብርዕ የሚቀርጽበትን ቢላ አውጥቶ ወደ ቅጠሉ ሲያስጠጋ ዶሚንጉስ የእጁን አንጓ ያዘው። ጌታውን እንዲህ ይዞት አያውቅም። ሁለቱም ደነገጡ።

«ይቺ ቅጠል ናት ያሰረችኝ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ብቆርጣትስ?»

«ማንም አይነካዎትም። የሚቀዝፍልዎት ግን አያገኙም። ከዚህ እስከ አምቦን ባለው ዳርቻ ሁሉ ሰው ጀርባውን ይሰጥዎታል፣ ውሃ የሚያጠጣዎት አይኖርም። እኔ ደግሞ ቤቴ ስደርስ እናቴ በሩን ትዘጋብኛለች።»

ዶክተሩ ቢላውን አጥፎ ቁጭ አለ። «ግድግዳ ቢኖረው እኮ እሰብረው ነበር» አለ ለራሱ።

በሦስተኛው ጠዋት አንዲት ሴት ለሁለቱም ምግብ ይዛ መጣች። ለዶክተሩ የሳጎ ገንፎና ጨው ነበር። ለዶሚንጉስ ግን የዓሣ ራስ በካናሪ ፍሬ ተሠርቶለታል፤ እያጎረሰችው፣ እየሳቀች፣ ለምን ከስተሃል ብላ እየወቀሰችው ሄደች። ሦስት ቀን ይህን ያየው ዶክተር በመጨረሻ ወደ ታማኤላ ዞረና በየደሴቱ በሚነገረው የገበያ ቋንቋ እየተሰባበረ ይህ ሰው ለናንተ ምናችሁ ነው ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው መደበቅ ያለበት ነገር አልመሰለውም።

«ፔላችን ነዋ። ቤትህን አፍርሰህ ስጠኝ ቢለኝ ከጣራው እጀምራለሁ።»

ዶክተሩ ሽማግሌው እስኪርቅ ጠበቀ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ይህን በሆድህ ይዘህ ዝም አልከኝ?»

ዶሚንጉስ ወለሉን እያየ አስረዳው። ፔላ የሚጠይቀው ለቤቱ ነው። ለራሱ፣ ለእናቱ፣ ለእህቱ ልጆች። ለሌላ ሰው ብሎ የጠየቀ ፔላውን ያታለለ ነው፤ ፔላውን ያታለለ ሰው ደግሞ በቤቱ የሚወለዱ ልጆች አፋቸውን ሳይፈቱ ያድጋሉ። እህቱ በቅርቡ ልትወልድ ነው።

«ለቤቴ ነው በላቸው። አንድ ቃል እኮ ነው» አለ ዶክተሩ። «ያንን የመሬት ጫፍ ከዞርን ማን ያያል? ከዚያ ትሰጠኛለህ። በመጽሐፌ ውስጥ ስምህን እጽፋለሁ፣ የያኮብንም እጽፋለሁ።» ዶክተሩ ጠጋ አለው። «ያኮብም እኮ እዚህ ውስጥ ነው። እሱስ ይበስብስ?»

ዶሚንጉስ ተነስቶ ዝናቡ ውስጥ ገባ። የተናደደው ነገሩ ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ እውነት ስለሆነና የተናገረው ይህ ሰው ስለሆነ ነው። ያኮብ በሞተበት ቀን ከሰላሳ ክንድ ዛፍ ላይ ሲወድቅ ዶክተሩ ቀድሞ ደርሶ አንገቱን ዳሰሰ፣ ዓይኑን ከደነ፣ የሚገባውን ሁሉ አደረገ። ከዚያ የያኮብን ጣቶች አንድ በአንድ ከፈተ። አበባው ፀሐይ ሳይመታው መጋደም ነበረበት። ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ «ወረቀት» አለ። ወረቀቱንም ዶሚንጉስ አቀበለው። ለምን እንዳቀበለ እስከዛሬ አያውቅም፤ እጁ ለምዶ ነው ብሎ ራሱን ያጽናናል፣ አይጽናናም። ያኮብን እዚያው ተራራ ላይ ቀበሩት። ለእናቱ ሳይሰቃይ ሞተ የሚል መልእክት ላከ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሆኖታል፣ ዋይሩን አልረገጠም።

ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስቡልኝ አለ። የሸንጎው ቤት ደጃፍ ላይ የቀደምቶች ድንጋይ አለ፤ ጠያቂ እጁን እዚያ ላይ ያኖራል። ዶሚንጉስ ቀኝ እጁን አኖረ። ዝናብ ሲደበድበው የዋለ ድንጋይ ለብ ብሎ አገኘው፣ ወይም እጁ በረዶ ሆኖ ነበር። ዶክተሩ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሞ፣ ቋንቋውን ባይሰማም፣ አፍ አፉን ያየዋል።

«ሳጥኑን ስጡኝ» አለ ዶሚንጉስ።

«ለማን?» አለ ታማኤላ።

«ለቤቴ።»

ሹሙና ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ታማኤላ ቀረብ አለ። ፊቱ ላይ ጥርጣሬ የለም፤ ይህ ነው ዶሚንጉስን የጎዳው።

«እንሰጥሃለን፣ እሱስ ጥያቄ የለውም። ግን ወንድሜ፣ ደረቅ ቅጠል ለቤትህ ምን ያደርግላታል?»

መልስ አዘጋጅቶ ነበር። መድኃኒት ነው ሊል ነበር፤ ለእናቴ ጉልበት፣ ለእህቴ ምጥ። ከዝናቡ ውስጥ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ለራሱ ብሎታል። አሁን አፉን ሲከፍት ሌላ ወጣ።

«ወንድሜ እዚህ ውስጥ ነው» አለ። «ያኮብ። አጥንቱ ተራራ ላይ ነው፣ ለእናቴ ያመጣሁላት ምንም የለም። በመጨረሻ የያዘው አበባ እዚህ ውስጥ ነው። ከሌላውም ግማሹን የቆረጠው እሱ ነው፣ ግማሹን እኔ ነኝ። የወጣነው እኛ ነን፣ የተሸከምነው እኛ ነን። ቤታችን ይግባ።»

ተናግሮ ሲጨርስ ደረቱ ቀለለው። አንድም ውሸት አልነበረበትም። ውሸት እንዳልነበረበት ሲገባው ግን የቀለለው ደረት ተመልሶ ከበደው፤ ምክንያቱም ከዚህ ወዲህ የሚሆነውን አወቀ።

ያቺ የዓሣ ራስ ያበላችው ሴት ከሰው ኋላ ሆና ታለቅሳለች። ታማኤላ ወደ ሳጥኑ ሄደና ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታ። ነጯን አበባ እንኳ አልመለሱም፤ ፔላ የቆረጠው ነው፣ ፔላ ይውሰደው አሉ። ዶክተሩ ክዳኑን ከፍቶ ተንበረከከ። ከላይ ያሉት አስር አስራ አምስት ወረቀቶች ሻግተዋል፣ የተቀሩት ተርፈዋል። ዶሚንጉስን አቅፎ በራሱ ቋንቋ ብዙ ነገር ተናገረ፣ እንባውም ወረደ። ዶሚንጉስ እጆቹን ወደ ታች ለቆ ቆመ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጀልባው ወደ ውሃ ተገፋ። ስምንት ቀዛፊዎች ቦታቸውን ያዙ፤ ቀንና ሌሊት ከቀዘፉ ለመርከቡ ይደርሳሉ። ዶክተሩ ጫማውን በእጁ ይዞ ገባና ቦታ አመቻቸ፣ ሳጥኑ ውሃ እንዳይነካው ከሥሩ ምንጣፍ አነጠፈ። ሲዞር አራት የሃቱሬሲ ሰዎች ሳጥኑን ተሸክመው በባሕሩ ዳር ወደ ምዕራብ ሲሄዱ አየ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት? ጀልባው እዚህ ነው።»

«ወደ ዋይሩ ነው ጌታዬ» አለ ዶሚንጉስ ከአሸዋው ላይ። «ለቤቴ ብዬ ተቀበልኩት። ፔላዎቼ ራሳቸው እናቴ ደጃፍ ያደርሱታል።»

ዶክተሩ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ደሙ ከፊቱ ጠፋ። ተስማምተን አልነበረም ወይ አለ። ያንን ጫፍ ስንዞር አላልንም ወይ አለ። ዶሚንጉስ እርስዎ አሉ እንጂ እኔ አላልኩም ብሎ መለሰ።

«ሌባ ነህ» አለው ዶክተሩ።

ቃሉ አመመው። አስራ አራት ወር አብረው ከአንድ ድስት በልተዋል፤ ወባ ሲጥለው ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ያበሰለት ይህ ሰው ነው። ዶሚንጉስ ውሃው እስከ ጉልበቱ እስኪደርስ ድረስ ገብቶ የጀልባውን ጠርዝ ያዘ። ቀዛፊዎቹ እንዳይሰሙ ሳይሆን ቃሉን እንዳያበላሽ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ቤቴ ክፍት ነው። መጥተው ወረቀቱን ይቀይሩ፣ አንድ በአንድ ይሳሉት፣ ይጻፉት፣ ዓመት ይፍጅ። ቅጠሉ ግን ከቤት አይወጣም። ደግሞ አንድ ነገር አለ። የያኮብን እጅ ማን እንደከፈተ እናቴ አታውቅም። እሱን እርስዎ ይነግሯታል። ወረቀቱን ማን እንዳቀበለ እኔ እነግራታለሁ። ይህን ካልቻሉ በደህና ይግቡ፣ መርከቡ አያምልጥዎት።»

ጠርዙን ለቀቀ። ቀዛፊዎቹ ዶክተሩን አዩት፤ እሱ ከባሕሩ ወዲያ የሆነ ነገር ያያል። ከፊት ያለው ሰው ከበሮውን መታ፣ ጀልባው ተንቀሳቀሰ። ዶሚንጉስ ጀርባውን ሰጥቶ ሳጥኑን መከተል ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ቢሄድለት ደስ ይለው ነበር። እናቱ ፊት ብቻውን መቆም ሁለት ሆኖ ከመቆም ይቀላል ብሎ አስቦ ነበር፤ ቢያንስ ጥፋቱን የሚያካፍለው ሳይሆን የሚያላክክበት ሰው ይኖረዋል።

ከኋላው ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ሰማ። ቀዛፊዎቹ ሳቁ። ዶክተር ኡልዳል እስከ ብብቱ ረጥቦ፣ አንድ ጫማውን ለባሕር ሰጥቶ፣ እያነከሰ ደረሰበት። ጀልባው ጥቂት ቆሞ ጠበቀው፤ እንደማይመለስ ሲያውቅ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ። ሁለቱ አሸዋው ላይ ረጅም መንገድ ሄዱ። ሳጥኑ ከፊታቸው ይወዛወዛል።

«እናትህ የገበያውን ቋንቋ ትችላለች?» አለ ዶክተሩ በመጨረሻ።

«አትችልም።»

«አንተ እንድታስተረጉምልኝ አልፈልግም። እጅ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?»

ዶሚንጉስ ነገረው። ዶክተሩ ደገመው፣ ተሳሳተ። ዶሚንጉስ እንደገና ነገረው። በአራተኛው ያዘው።

«መክፈትስ?»

ዶሚንጉስ እሱንም ነገረው።